የውሃ መሳቢያው ሞተርና አዲሱ ማርሚታ፦ ከጣና ዳር የተጻፈ የሥራ ማስታወሻ

ጥር 14

ማስታወሻውን ዘግይቼ እንደጀመርኩ አውቃለሁ፤ አዲሱን ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫውን ድምፅ የሚያፍነውን ዕቃ፣ ከሞተሩ ጋር ያሰርኩት በጥምቀት ማግስት ነበርና። ዛሬ ማለዳ ግን ሞተሩ ውሃ እየገፋ ሳለ ለሦስተኛ ጊዜ ጠፋብኝ። የነካሁትንና የለወጥኩትን በየቀኑ ካልጻፍኩ የትኛው ችግር ከየትኛው ሥራዬ እንደመጣ መለየት እንደማልችል ያን ጊዜ ገባኝ።

ቦታው ወራሚት ነው፤ በባሕር ዳር ዳርቻ፣ በሐይቁ አጠገብ ያለች፣ ግማሽ ሄክታር የማትሞላ የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ። ሞተሩ ገበያው «168ኤፍ» ብሎ የሚጠራው የቤንዚን ሞተር ሲሆን፣ ባለ 2 ኢንች ፓምፕ ይዞ ከሐይቁ ውሃ እየሳበ ወደ ማሳው ይገፋል። ስሙ ራሱ ስለ ሞተሩ ይናገራል፦ የመጀመሪያው 1 አንድ ሲሊንደር ማለት ነው፤ 68 የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ ኤፍ ደግሞ በአየር የሚቀዘቅዝ መሆኑን ያመለክታል። ፒስተኑ 45 ሚሊሜትር ስለሚጓዝ ይዘቱ 163 ሴንቲሜትር ኩብ ይሆናል።

ማርሚታ ለመቀየር ያነሳሳኝ ሞተሩ ሳይሆን ጎረቤቴ ናቸው። ማሳውን የማጠጣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ነፋስ የለም፣ ፀሐይ የለም፣ የሚተነው ውሃም ትንሽ ነው። የእማማ ቤት ግን ከፓምፑ ሠላሳ እርምጃ ያህል ቢርቅ ነው። በገና ሰሞን አጥር ላይ ጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ ሽንኩርትህን አጠጣ፣ እግዜር ይባርክልህ፤ ሌሊቱን ግን ለእኔ ተውልኝ» አሉኝ። ቁጣ የለበትም፤ ለዚህም ነው ከቁጣ ይልቅ የከበደኝ።

የሌሊቱ ድምፅ የሚብሰው ሰው ስለተኛ ብቻ አይደለም። ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከመሬት የተጠጋው አየር ከላዩ ካለው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ድምፅ በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ዝግ ብሎ ስለሚሄድ፣ ወደ ሰማይ ሊወጣ የነበረው ድምፅ ጎብጦ ወደ መሬት ይመለሳል። እኩለ ቀን ላይ ከመንገዱ ማዶ የማይሰማ ሞተር ማለዳ ከሩቅ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

ማርሚታውን የሠራሁት ከ4 ኢንች ጥቁር ቱቦ ነው፤ ርዝመቱ 40 ሴንቲሜትር፣ የውስጥ ስፋቱ 105 ሚሊሜትር ነው። ዚንክ የተቀባ የውሃ ቱቦ በርካሽ አግኝቼ ነበር፤ ነገር ግን ዚንክ ሲበየድ የሚያወጣው ነጭ ጭስ ሰውን በትኩሳትና በብርድ ብርድ ስለሚጥል ተውኩት። በውስጡ ሦስት የብረት ግድግዳዎችን በየድኩ፤ በእያንዳንዱ ግድግዳ ላይም 5 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው 12 ቀዳዳዎች በሳሁ። ድምፁ በእርግጥ ወረደ። በስልኬ ላይ ባለው የድምፅ መለኪያ፣ ከ7 ሜትር ርቀት፣ የፋብሪካው ማርሚታ 81 ዴሲቤል ሲያሳይ አዲሱ 70 አሳየ። የስልክ መለኪያ ትክክለኛ ቁጥር ይሰጣል ብዬ አላምንም፤ በአንድ ስልክ፣ ከአንድ ቦታ የተወሰዱ ሁለት ቁጥሮችን ማወዳደር ግን ይቻላል።

ምልክቶቹ እንዲህ ናቸው። ሞተሩ በመጀመሪያው የገመድ ስበት ይነሳል። ባዶውን ሲሽከረከር እንከን የለበትም። ፓምፑ ውሃ ይዞ መግፋት ሲጀምር ግን ድምፁ ይወፍራል፣ ዙሩ ይወርዳል፣ ከሩብ ሰዓት ገደማ በኋላም አንድ ሁለት ጊዜ አስሎ ይጠፋል። ውሃው ከማሳው ጫፍ አይደርስም።

ጥር 15

ካንዴላውን፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን፣ ፈታሁት፤ ጥላሸት ለብሷል። ወዲያውኑ «ካርቡራተሩ ቤንዚን አብዝቷል» ብዬ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ከሞተሩ አወረድኩ፣ አጠብኩ፣ መልሼ አሰርኩ። በዚህ ገጽ ላይ ይህ ውሳኔ ስህተት እንደነበር የምጽፍበት ቀን እንደሚመጣ አልጠረጠርኩም።

ማወቅ የነበረብኝ ጥቁር ካንዴላ እዚህ አገር አዲስ ነገር አለመሆኑን ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ የአየሩ ግፊትም ከባሕር ጠለሉ በአምስተኛ ያህል ያንሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተለካ ካርቡራተር እዚህ ሲሠራ አየሩ ስስ ሆኖበት ቤንዚኑን ያበዛል፤ ስለዚህ ካንዴላው ማርሚታው ከመቀየሩ በፊትም ጥቁር እንደነበር አስታወስኩ። የእነዚህ ሞተሮች መመሪያዎች ኃይላቸው በየ300 ሜትሩ ከፍታ በ3.5 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ይናገራሉ፤ በእኛ ከፍታ ሲሰላ ይህ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ይህ ሞተር እኔ ማርሚታ ከመጨመሬ በፊትም የኃይሉን አምስተኛ ለአገሩ አየር ገብሮ የሚሠራ፣ ብዙ ትርፍ የሌለው ሞተር ነበር ማለት ነው።

ጥር 16

ነገሩ ባሰ። አሁን ሞተሩ ባዶውንም ቢሆን አይረጋም፤ ድምፁ እንደሚያለቅስ ሕፃን ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ እንደገና ከፍ ይላል፤ በየሁለት ሰከንዱ ገደማ። ዙሩ እንዳይለዋወጥ የሚጠብቀው ገቨርነር የጋዙን መክፈቻ ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዘው በዓይን ይታያል። ጭነት ላይ ሲሆን ደግሞ እንደ በፊቱ ይደክማል።

የእህቴ ልጅ ለሊት ውሃ ሲመራ የቆየ ነውና ዓይኑ ቀልቶ፣ «ጋሼ፣ ሰይጣን ገብቶበት ነው» አለኝ። ሰይጣኑ እኔ እንደሆንኩ ገና አላወቅንም።

ጥር 17

ዛሬ የማያጠራጥሩትን ነገሮች ብቻ አጣራሁ። የመሳቢያው ቱቦ ወንፊት በደንገል ሥርና በቅጠል ተሸፍኖ ነበር፤ አጸዳሁት፣ ለውጥ የለም። የአየር ማጣሪያው ንጹሕ ነው። የሞተር ዘይቱ ሙሉ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የቫልቮቹን ክፍተት በስስ የመለኪያ ብረቶች ለካሁ፦ የመግቢያው 0.15፣ የመውጫው 0.20 ሚሊሜትር፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። የካንዴላው ክፍተት 0.7 ሚሊሜትር ነው። ሞተሩ ራሱ ጤነኛ ነው ማለት ይቻላል።

ጥር 19

ዙሩን የምለካበት መሣሪያ ስለሌለኝ ስልኩን ሌላ ሥራ ሰጠሁት። ባለ አራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ጭስ ይተፋል፤ በደቂቃ 3,600 ዙር የሚሽከረከር ከሆነ በሰከንድ 30 ጊዜ ማለት ነው። የድምፅን ድግግሞሽ የሚያሳይ ፕሮግራም በስልኬ ላይ ጫንኩ። የስልኩ ማይክሮፎን 30ን በደንብ አይሰማም፤ እጥፏን፣ 60ን፣ ግን ጥርት አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ በእጥፏ ላይ የማነበውን ቁጥር በ60 አባዛለሁ፣ ዙሩ ይወጣል። ዘዴው ከጠበቅኩት በላይ አገለገለኝ።

አዲሱ ማርሚታ እንደታሰረ፣ ፓምፑ ውሃ እየገፋ፣ ቁጥሩ 46 ገደማ ነበር፤ 2,760 ዙር ማለት ነው። ይህ ቁጥር ውሃው ለምን ከማሳው ጫፍ እንደማይደርስ ወዲያው ገለጸልኝ። የእንዲህ ዓይነቱ ፓምፕ የመግፋት ከፍታ ከዙሩ ካሬ ጋር አብሮ ይወርዳል፤ ከ3,600 ወደ 2,760 ሲወርድ ከፍታው ወደ 59 በመቶ ያሽቆለቁላል። ዙሩ በሩብ ያህል ብቻ ቀነሰ ብሎ የሚያስብ ሰው፣ ከውሃው አቅም አርባ በመቶውን ማጣቱን ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ጥር 21

አስተርዮ ማርያም ናት፤ ሥራ የለም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተቀምጬ የጻፍኩትን አነበብኩ።

አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። ጥር 14 ላይ የጻፍኳቸው ምልክቶች ሞተሩ ባዶውን ሲሽከረከር እንከን እንደሌለበት ይናገራሉ፤ ከፍ ዝቅ ማለት የጀመረው ጥር 16 ነው። በመካከሉ የነካሁት ካርቡራተሩን ነው። ስለዚህ በእጄ ላይ ያለው አንድ በሽታ ሳይሆን ሁለት ሊሆን ይችላል፤ አንደኛው ከማርሚታው፣ ሁለተኛው ከእኔ እጅ።

የእህቴ ልጅ ከቡና በኋላ፣ ማርሚታ በፊልም ላይ ሽጉጥ ላይ ከሚታሰረው ድምፅ ማፈኛ ጋር ዝምድና እንዳለው ጠየቀኝ። ጥያቄው የልጅ ቢመስልም መልሱ አዎ ነው። አሜሪካዊው ሂራም ፐርሲ ማክሲም፣ የመትረየሱ ፈልሳፊ የሂራም ማክሲም ልጅ፣ በ1909 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ የፈጠራ መብት አግኝቷል፤ ኩባንያውም በኋላ የሞተር ድምፅ ማፈኛዎችን ሠርቷል። ሁለቱም በድንገት የሚፈነዳን ትኩስ ጋዝ በሰፊ ክፍል ውስጥ አቆይተው ቀስ ብለው ይለቁታል፤ ሁለቱም ሲሠሩ የታሰሩበትን መሣሪያ አሠራር ይነካሉ። በርሜሉ አብሮ በሚንቀሳቀስበት ሽጉጥ ላይ ማፈኛው ክብደት ስለሚጨምር፣ ራሱን በራሱ የሚያጎርሰው አሠራር እንዳይሰናከል ሞላ ያለው ልዩ ማያያዣ ያስፈልገዋል ይባላል። የእኔ ሞተር ግን የሚያስቸግረው በክብደት ሳይሆን በተመላሽ ግፊት፣ ጭሱ መውጫ ሲጠበው ወደ ኋላ በሚገፋው፣ ይመስለኛል ብዬ ለልጁ ነገርኩት። በክብደቱም በኩል እንደተሳሳትኩ በኋላ ታይቷል።

ጥር 23

ዛሬ ወደ መነሻው ተመለስኩ። አዲሱን ማርሚታ አውርጄ የፋብሪካውን መልሼ አሰርኩ፤ ሌላ ምንም አልነካሁም። ሞተሩ ጭነት ሲይዝ ዙሩ አልወረደም፤ ባዶውን ሲሽከረከር ግን አሁንም ከፍ ዝቅ ይላል። ሁለቱ በሽታዎች በዚህች ቅጽበት ተለያዩ። ይህን ሙከራ በመጀመሪያው ቀን ብሠራው ኖሮ ካርቡራተሩን አላወርድም፤ ሁለተኛው በሽታም ባልተፈጠረ ነበር።

ከፍ ዝቅ ማለት ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ከሚገባው አየር ጋር ሲነጻጸር ቤንዚን ሲያጣ የሚመጣ ነው። የሚፈተነውም በቀላሉ ነው፦ ሞተሩ እየሠራ ቾኩን፣ የሚገባውን አየር የሚቀንሰውን ክዳን፣ እስከ ግማሽ እዘጋለሁ፤ ድምፁ ከረጋ ድብልቁ ቤንዚን አንሶታል። ቾኩን ግማሽ ስዘጋው ሞተሩ እንደ ሰዓት ረጋ። ሊሆን የሚችለው ወይ ለዝግታ የሚያገለግለው ቀጭን የቤንዚን መተላለፊያ ተደፍኗል፣ ወይም በማይገባበት ቦታ አየር እየገባ ነው። ካርቡራተሩ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት መጋጠሚያ ላይ የሳሙና አረፋ ስቀባ፣ በአንደኛው ጥግ በኩል አረፋው ወደ ውስጥ ተሳበ። ፈትቼ ሳየው በመጋጠሚያው አየር እንዳያልፍ በመካከል የሚገባው የወረቀት ጓርኒሲዮን ጥግ ተቀዷል። ጥር 15 ላይ ካርቡራተሩን ስፈታ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ የቀረውን ቁራጭ ሳላየው መልሼ እንዳሰርኩት አሁን ግልጽ ነው።

ከከተማ አዲስ ጓርኒሲዮን ገዝቼ እስክመጣ ቀኑ መሸ። ገጥሜ አስነሳሁት፤ ረጋ። ለእህቴ ልጅ ሰይጣኑ የት እንደነበር ነገርኩት።

ጥር 25

ዛሬ የቀረው የማርሚታው ጥያቄ ብቻ ስለሆነ በመላ ምት ሳይሆን በመለኪያ ልይዘው ወሰንኩ። በጭስ ማውጫው አንገት ላይ ቀጭን የመዳብ ቱቦ በየድኩ፤ በእርሷ ላይ ደግሞ ሦስት ሜትር ርዝመት ያለው ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቱቦ ሰክቼ፣ እንደ ዩ ፊደል አጥፌ በእንጨት ላይ ቸነከርኩት፤ ግማሹን በውሃ ሞላሁት። በአንደኛው ክንድና በሌላኛው መካከል ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት በጭስ ማውጫው ውስጥ ያለውን ተመላሽ ግፊት ይናገራል። ሞተሩ ሲነሳ ውሃው ከጭሱ ምት ጋር ስለሚዘል ማንበብ አይቻልም፤ ቱቦውን በአንድ ቦታ በቡሎን ጫን አድርጌ መንገዱን ሳጠበው ረጋ።

የፋብሪካው ማርሚታ፣ በጭነት ላይ፦ 35 ሴንቲሜትር ገደማ። የእኔ ማርሚታ፣ በጭነት ላይ፦ 1 ሜትር ከ40፤ ከዚያም ውሃው ተተፍቶ የሰው ልብስ አራሰ። አንድ ሜትር ውሃ 10 ኪሎፓስካል ገደማ ስለሆነ፣ ሞተሩ 14 ኪሎፓስካል እየገፋ ነበር ጭሱን የሚያስወጣው። የአገራችን አየር ግፊት 82 ኪሎፓስካል ገደማ መሆኑን ስናስብ፣ ይህ ከስድስት እጅ አንዱ ነው። ፒስተኑ ጭሱን ለማስወጣት ኃይሉን ይጨርሳል፤ ከዚህም በላይ ሳይወጣ የሚቀረው ትኩስ ጭስ ለሚገባው አዲስ አየር ቦታ አይለቅም። ገቨርነሩ ጋዙን እስከ ጥግ ይከፍታል፤ የሚከፍተው ግን ወደ ሞላ ቤት የሚያስገባ ደጃፍ ነው።

ከዚያ በኋላ እርሳስ ይዤ ሂሳቡን ሠራሁ፤ ከመበየዴ በፊት መሥራት የነበረብኝን ሂሳብ። የጭስ ማውጫው ቱቦ የውስጥ ስፋት 26 ሚሊሜትር ስለሆነ የመተላለፊያው ስፋት 531 ሚሊሜትር ካሬ ነው። አሥራ ሁለት ባለ 5 ሚሊሜትር ቀዳዳዎች ሲደመሩ 236 ብቻ ናቸው። ከዚህም ባሻገር ጋዝ በስለታም ጠርዝ ቀዳዳ ሲያልፍ ራሱን አጥብቦ ስለሚሄድ፣ በእርግጥ የሚያገለግለው ከቀዳዳው ስፋት ስልሳ በመቶ ገደማ ነው፤ 140 እንበል። በርሜል ሙሉ ውሃ በማንኪያ አንገት ለማፍሰስ እንደመሞከር ነበር፤ ያውም ሦስት ጊዜ፣ ግድግዳዎቹ ሦስት ናቸውና።

ጥር 26

ማርሚታውን በመጋዝ ቆርጬ ከፈትኩት። የመጀመሪያው ግድግዳ ቀዳዳዎች በጥላሸት ጠብበው 4 ሚሊሜትር ያህል ሆነዋል፤ ሞተሩ ከሩብ ሰዓት በኋላ የሚጠፋው እንዲሁ በዘፈቀደ አልነበረም።

አዲሱን ንድፍ ከመጀመሬ በፊት ምን ያህል ድምፅ ላፍን እንደምችል በሂሳብ አየሁ። ባዶ ክፍል ድምፅን የሚያፍነው የሚገባው ቱቦ ጠባብ፣ ክፍሉ ደግሞ ሰፊ በመሆኑ ነው፤ ማዕበሉ ከጠባቡ ወደ ሰፊው ሲገባ ከፊሉ ይመለሳል። የእኔ ክፍል ከቱቦው 16 እጥፍ ይሰፋል፤ ርዝመቱ 40 ሴንቲሜትር ሲሆን፣ ጭሱ 400 ዲግሪ ገደማ ነው ብለን ብናስብ፣ ከፍተኛው አፈና 18 ዴሲቤል ሆኖ የሚያርፈው በ325 ኸርዝ፣ በሰከንድ 325 ጊዜ በሚርገበገብ ድምፅ፣ አካባቢ ነው። ይህ የሞተሩ ጩኸት፣ ጆሮ የሚበሳው ክፍል ነው። በሰከንድ 30 ጊዜ የሚመታው ወፍራም ድምፅ ግን ከዚያው ክፍል በ4 ዴሲቤል ያህል ብቻ ቀንሶ ያልፋል፤ የማዕበሉ ርዝመት በጋለው ጭስ ውስጥ ከ17 ሜትር በላይ ስለሆነ 40 ሴንቲሜትር ክፍል ለእርሱ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለእማማ ጩኸቱን እንጂ ምቱን እንደማልወስድላቸው ከወዲሁ ማወቅ ነበረብኝ። የመጀመሪያው ማርሚታ ሁለቱንም የቀነሰው ሞተሩን ስላነቀው ነው፤ የታነቀ ሰውም አይጮህም።

ጥር 28

ሁለተኛው ማርሚታ ተጠናቀቀ። ያው 4 ኢንች ቱቦ ነው፤ በውስጡ አንድ ግድግዳ ብቻ አለ፤ ቀዳዳዎች የሉትም። በምትኩ 32 ሚሊሜትር የውስጥ ስፋት ያለው አጭር ቱቦ ግድግዳውን አቋርጦ ያልፋል፤ የመተላለፊያው ስፋት 804 ሚሊሜትር ካሬ ስለሆነ ከጭስ ማውጫው ይበልጣል እንጂ አያንስም። የመግቢያው ቱቦ እስከ መጀመሪያው ክፍል ግማሽ ድረስ ይዘልቃል፤ ክፍሉ ሳያፍን የሚያሳልፋቸውን አንዳንድ ድግግሞሾች ለመያዝ ይረዳል። የሦስቱ ቱቦዎች አፍ እርስ በርሱ ፊት ለፊት እንዳይተያይ አዛንፌ ነው የበየድኳቸው። የድስት መፈተጊያ ሽቦ እንድሞላበት የመከረኝ ሰው ነበር፤ ተራው የብረት ሽቦ በጭሱ ሙቀት ተቃጥሎና ተበጣጥሶ መውጫውን እንደሚደፍን ስለምገምት አልተቀበልኩትም።

ውሃ ያለበት ቱቦ ሲናገር፦ 45 ሴንቲሜትር። ዙር በጭነት ላይ፦ 3,480። ድምፅ፦ 74 ዴሲቤል። ከመጀመሪያው 4 ዴሲቤል ይበልጣል፤ ከፋብሪካው ግን 7 ያንሳል። ውሃው ከማሳው ጫፍ ደረሰ፤ ሞተሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይጠፋ ሠራ።

የካቲት 2

ዛሬ ስለ ክብደት የተናገርኩትን ዋጥኩት። ሞተሩ እንደተለመደው እየሠራ ሳለ ድንገት ጭስ ማውጫው እንደ ጅራፍ መጮህ ጀመረ። ማርሚታውን ከሞተሩ ራስ ጋር የሚያያይዙት ሁለት ዳዶዎች ላልተዋል፤ በመካከሉ ያለው ጓርኒሲዮን ተነፍቷል፤ በአንገቱ ብየዳ ላይም ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ተከፍቷል። የፋብሪካው ማርሚታ ቀላልና ለሞተሩ የተጠጋ ነበር፤ የእኔ አራት ኪሎ ተኩል ነው፤ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎም በእያንዳንዱ ምት ይንቀጠቀጣል። ሞተሩ በሰዓት ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ይመታል፤ ብረትም ቢሆን ይሰለቻል።

ስንጥቁን ፍቄ ዳግመኛ በየድኩት። ከፓምፑ ክፈፍ የሚነሳ መደገፊያ ከአንግል ብረት ሠርቼ ማርሚታውን ከሆዱ አቀፍኩት፤ ብረት ሲግል ስለሚረዝም መደገፊያው የሚታሰርበትን ቀዳዳ ሞላላ አደረግኩት። ዳዶዎቹንም ሞተሩ አንድ ጊዜ ግሎ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና አጠበቅኳቸው።

የካቲት 5

አዲስ ነገር፦ ከሃምሳ ደቂቃ ገደማ በኋላ ሞተሩ ቤንዚን እንዳለቀበት ሆኖ ይጠፋል፤ ሩብ ሰዓት ካረፈ ይነሳል። በመጀመሪያ የታንከሩ ክዳን መተንፈሻ ተደፍኗል ብዬ ክዳኑን ላላ አደረግኩት፤ አልረዳም። ታንከሩን በእጄ ስነካው ግን ከማርሚታው ወገን ያለው ጎኑ ያቃጥላል። አዲሱ ማርሚታ ከቀድሞው ስለሚረዝም በታንከሩና በቤንዚን ቱቦው ጎን ያልፋል። በዚህ ከፍታ ቤንዚን ከባሕር ጠለሉ ባነሰ ሙቀት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ሲፈጠር ወደ ካርቡራተሩ የሚወርደው ይቋረጣል።

ማርሚታውን በክርን ቱቦ አዙሬ ከታንከሩ አራቅሁት፤ በመካከላቸውም በሁለቱም ወገን የሁለት ሴንቲሜትር አየር የሚያልፍበት ላሜራ አቆምኩ። ችግሩ ጠፋ። የመውጫው አፍም ወደ ሐይቁ ዞረ፤ ከሥሩ የወዳደቀውን ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠርጌ አሸዋ አለበስኩት።

የካቲት 6

እማማ አጥር ላይ መጥተው ሥራዬን ሲያዩ፣ «ለምን በጭቃ ቤት አትሠራለትም? ዙሪያውን ዘግተህ ብታስቀምጠው ድምፁ ይቀር ነበር» አሉኝ። ሐሳባቸው የዋዛ አይደለም፤ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ከስስ ብረት ይልቅ ወፍራሙን ድምፅ ይይዛል። ነገር ግን በተዘጋ ቤት ውስጥ ወይም በጉድጓድ ውስጥ የሚሠራ የቤንዚን ሞተር ሽታ የሌለውን፣ የማይታየውን የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ስለሚያጠራቅም፣ ገብቶ ሊያጠፋው የሚወርድ ሰው ሳይወጣ ሊቀር ይችላል። ውሃው ቀርቦ እንዲሳብ ሲሉ ሞተሩን በጉድጓድ ውስጥ የሚያወርዱ ሰዎችን አይቻለሁ። በዚህ ከፍታ ፓምፕ በሐሳብ ደረጃ እንኳ ከ8 ሜትር እምብዛም አልፎ መሳብ አይችልምና ፈተናው ይገባኛል፤ ቢሆንም እኔ አላደርገውም። ለእማማ በሁለት ወገን ብቻ፣ በእርሳቸው ቤት በኩል፣ ከላይ ክፍት የሆነ ግድግዳ እንደማቆም ቃል ገባሁላቸው። «እንደ ጥላ በለው» አሉ።

የካቲት 10

ግድግዳው በጭቃና በጭድ ቆመ፤ ቁመቱ ሰው ያህላል። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሞተሩን አስነስቼ በእማማ በር አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። የሚሰማው ምት ብቻ ነው፤ በሩቅ እንደሚወቀጥ ሙቀጫ፣ ዱብ ዱብ። ጩኸቱ የለም። በስልኩ ላይ በራቸው አጠገብ 52 አነበብኩ፤ ከመጀመሪያው ጊዜ በዚያ ቦታ የለካሁት ስለሌለ ምን ያህል እንደቀነሰ በቁጥር መናገር አልችልም፤ አለመለካቴም ይቆጨኛል።

ጠዋት ስጠይቃቸው፣ «ሰማሁት፤ ግን ተኛሁ» አሉ።

የካቲት 13

ሞተሩ ከሁለተኛው ማርሚታ ጋር እስካሁን 21 ሰዓት ሠርቷል። ውሃ ያለበትን ቱቦ እንደገና ሰካሁ፦ 47 ሴንቲሜትር፤ ጥላሸት ገና አላጠበበውም። የአንገቱ ብየዳ ደህና ነው። ከዳዶዎቹ አንዱ ሩብ ዙር ላልቶ ስለነበር ከሥሩ የሞላ ቀለበት አስገባሁበት። ለነሐሴ፣ ውሃ ማጠጣት በማያስፈልግበት ጊዜ፣ የካርቡራተሩን ዋና የቤንዚን ማሳለፊያ ለከፍታ በሚሆን ቀጭን ለመቀየር አስቤያለሁ፤ ያን ጊዜ ጓርኒሲዮኑን አስቀድሜ እገዛለሁ።